ለጠራቢው ያልታየው እጅ

አንድ ማር ቆራጭ ነበረ። አታቋርጪኝ! «ባሌን ስመርጥ ተሳስቼ ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሽኛል፤ መልሱን ከእሱ ታገኚዋለሽ።

ይህ ሰው ጫካ ገብቶ፣ ዛፍ ላይ ወጥቶ፣ ከቀፎ ማር እያወረደ የሚኖር ነው። የራሱ ቢላዋ ኖሮት አያውቅም፤ በወንድሙ ቢላዋ ሲሠራ ኖረ። ወንድምየውም ባዋሰው ቁጥር «ስለቱን እንዳታዶለዱምብኝ» እያለ ደሙን ያፈላዋል። በመጨረሻ ሚስቱ «በሰው ቢላዋ የራስህን ማር ስትቆርጥ አታፍርም?» አለችው። እውነቷን ነው። ገበያ ወረደ።

ቀጥቃጩ ሁለት ቢላዋ አቀረበለት። አንዱ የቀንድ እጀታ ያለው፣ በመዳብ የታሰረ፣ እንደ ሙሽራ ያጌጠ። ሌላው ጥቁር ብረት ብቻ፤ እጀታ የለው፣ ምን የለው። ሞኝ ቢሆን ያጌጠውን አንሥቶ ይሄድ ነበር። እሱ ግን ሁለቱንም በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ ጆሮውን ሰጠ። ያጌጠው እንደ ቆርቆሮ ቋ ብሎ ዝም አለ፤ ጥቁሩ እንደ ደወል ድምፁን ስቦ ቆየ። የጥቁሩን ስለት በክንዱ ላይ ቢያስኬደው ጠጉሩን ጠርጎ ወሰደው።

«ልብስ የለበሰውን ትተህ ራቁቱን?» አለው ቀጥቃጩ።

«ልብሱን እኔ አለብሰዋለሁ።»

ምርጫው እንከን አልነበረውም። ይህን ያዢልኝ።

እጀታውን ሊያሠራ ስመ ጥር ጠራቢ ዘንድ ሄደ። ጠራቢውም «የምትይዝበትን እጅ አሳየኝና ልክ ልውሰድ» አለው። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ወደ መዳፉ ተቆልምመው ቀርተዋል። ያፍርባቸዋል፤ ሰው ፊት ሁልጊዜ ጋቢው ውስጥ ይሸሽጋቸዋል። ያን ቀንም ቢላዋ የሚይዝበትን ቀኙን ሸሽጎ ግራውን ዘረጋ። ጠራቢው «የተባረከ እጅ!» ብሎ በዚያው ልክ ጠረበለት። እጀታው ሲያልቅ እንደ መስታወት ያበራል። መንደሩ ሁሉ እየተቀባበለ አደነቀው።

ዝናብ በጣለ ማግስት ሰውየው ትልቅ ዋንዛ ላይ ወጣ። ራሱን ከግንዱ ጋር በጠፍር አስሮ፣ ቀፎው የተንጠለጠለበትን ሐረግ ሊቆርጥ ቢላዋውን ሲያሳርፍ፣ እጀታው መዳፉ ውስጥ ዞረ። ስለቱ ሐረጉን ስቶ እሱ የታሰረበትን ጠፍር ግማሹን በላው። ቅርንጫፍ አቅፎ፣ ንብ ፊቱን እየነደፈው እንደ ምንም ወረደ።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ደጅ ተቀምጣ አዲስ ቀፎ በጭቃና በእበት ትመርጋለች። ቢላዋውን እግሯ ሥር ወረወረው።

«ይሄ ብረት ሊገድለኝ ነው! ነገ ገበያ ወስጄ እለውጠዋለሁ።»

ያበጠ ዓይኑን አየችና ሳቋን ዋጠች። ከዚያ ቢላዋውን አንሥታ፣ አጠገቧ የነበረ ወፍራም ሐረግ ላይ አንድ ጊዜ ብትስበው ለሁለት ከፈለው።

«ብረቱስ ደኅና ነው» አለች። «እጀታው በየትኛው እጅህ ነው የተለካው?»

ቀኝ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ።

«ግራህን ነው የሰጠኸው፣ አይደል? ወይ አንተ ሰው!» ቀኝ እጁን ከጋቢው ውስጥ ጎትታ አወጣችና አንድ ድብልብል ጭቃ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «ጨብጠው።»

«ተይኝ እባክሽ፣ ሰው ያያል።»

«ይይ! እኔ ከነጣቶችህ ነው ያገባሁህ። ጨብጥ ብዬሃለሁ!»

ጨበጠው። እጁን ሲከፍት የሁለቱ ጣቶች ጥምዝ ጭቃው ላይ ቁልጭ ብሎ ታተመ። ጭቃውን ፀሐይ ላይ አደረቀ። ያን የሚያበራ እጀታ ሰንጥቆ ጣለና ደረቅ ወይራ ፈልጎ፣ ጭቃውን እያየ፣ እየጠረበ፣ እየጨበጠ፣ የቆረቆረውን እየፋቀ ራሱ ሠራው። ስለቱን እሳት እንዳያበላሸው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ የብረቱን ጅራት ብቻ እሳት ላይ አግሎ እንጨቱ ውስጥ ሰካው። ሲበርድ ሰም ቀባው። ያየ ሁሉ «ምን ዓይነት ጠማማ እጀታ ነው!» ይለዋል። ይበሉ። ከዚያ ወዲያ ዝናብ ቢያረጥበው፣ ማር ቢያሟልጨው፣ ቢላዋው እጁ ውስጥ ዞሮበት አያውቅም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ የኔ ልጅ። የባልሽ ብረቱ ደኅና ነው፤ እኔም በጥፍሬ መትቼ አይቼዋለሁ። አይዋሽም፣ እጁን አያነሣም፣ ጎረቤት ሲታመም ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ብረቱ ክፉ ቢሆን «ቻዪው» የምል ሴት አይደለሁም፤ ጣዪው እልሽ ነበር። ግን አንቺ ለዚህ ሰው ግራሽን ነው የዘረጋሽለት። ከሠርግሽ ጀምሮ በየሳምንቱ ዘመዶቹን ሲያመጣ በሳቅ ትቀበያለሽ፤ ሲወጡ ጓዳ ገብተሽ ታለቅሻለሽ። «ደስ አለሽ?» ሲልሽ «በጣም» ትያለሽ። ታዲያ ሰውየው በሳቅሽ ልክ ቢጠርብ ጥፋቱ የማን ነው? የምታፍሪበትን ድካምሽን ካላሳየሽው ለሌላ ሴት የሚሆን ኑሮ ነው የሚሠራልሽ።

በይ ተነሺ፣ እንባሽን ጥረጊና ቤትሽ ግቢ። ዛሬ ሲመጣ «ደክሞኛል፣ ሰሞኑን እንግዳ አታምጣብኝ» በዪው። እሱ ከሰማሽ እሰየው። ከተቆጣ ደግሞ ተመልሰሽ ነይ፤ ያን ጊዜ ስለ ብረቱ እንነጋገራለን።