የሐረጎን አቀበት አልወጣ ያለችው መኪና

ጆሯችሁን ስጡኝ፣ እኔም የሆነውን ልስጣችሁ።

እንድሪስ የሚባል ሰው ነበር፤ ኮምቦልቻ ከተማ የቧንቧ ዕቃ እየሸጠ የሚኖር። አባቱ ሙሄ ግን ቤታቸው ከሐረጎ አቀበት በላይ ካለች መንደር ነው። ጉበታቸው ታመመና ለሕክምና ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ፤ ብዙ ጊዜም ተኙ። በመጨረሻ ሐኪሟ እንድሪስን ወደ ጎን ጠርታ፣ ከዚህ በኋላ የምናደርግላቸው ነገር የለም፣ ቤታቸው ይረፉ አለችው። ለአባቱ እንዴት አድርጎ እንደሚነግራቸው ሲያስብ፣ እሳቸው ለካ ቀድሞ ገብቷቸዋል።

«ልጄ፣» አሉት፣ «ቤቴን ልይ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ትንሽ ነገር ናት። መንገዱም ሩቅ አይደለም፤ ኮምቦልቻ ቆሞ ቀና ያለ ሰው ተራራውን ያየዋል። እንድሪስ የራሱ መኪና አለችው። የፊቱን ወንበር ወደ ኋላ አስተኝቶ አባቱን አጋደማቸው፤ እህቱ ሀዋ ከኋላ ተቀምጣ ጭንቅላታቸውን ደገፈች፤ ተነሱ። ሜዳው ላይ ደህና ነበር። የመጀመሪያዎቹን ኩርባዎችም አዘገመች እንጂ አለፈች። መንገዱ ቀጥ ብሎ ሲነሳ ግን ነዳጅ ሲረግጥላት እንደ ደከመው ሰው ተነፈሰች፤ ከኮፈኑ ሥር እስስስ የሚል ድምፅ መጣ፤ ከመሪው ጀርባ ቢጫ መብራት በራ። ከኋላ የጭነት መኪኖች ጡሩምባ ይነፋሉ። ረገጠ፣ አሁንም ረገጠ፤ መኪናዋ ቆመች፤ ከዚያም ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ሀዋ ዓይኗን ጨፍና ዱዓ ታደርጋለች። አባትየው በእያንዳንዱ ንቅናቄ ያቃስታሉ። እንድሪስ ፍሬኑን ይዞ እንደምንም ዞረና ቁልቁል ወደ ሀዋ ቤት መለሳቸው።

አባት ቤቴን ልይ አሉ፤ መኪና አልወጣ አለች።

ሌላ መኪና አልፈለገም እንዳትሉ። የሚኒባስ ሹፌሮች የተኛ ሰው አንጭንም አሉት። ኮንትራት የሚሠሩ ሁለት ሰዎች እስከ ሀዋ ደጅ መጡና የአባቱን ፊት ሲያዩ ይቅርታ ጠይቀው ሄዱ። አንደኛው በመንገድ ላይ እጄ ላይ ቢያልፉስ ብሎ በግልጽ ነገረው። እንድሪስ አልተቀየመውም፤ እሱም በሰውየው ቦታ ቢሆን ያንኑ ይል ነበር። ስለዚህ መኪናዋን ወደ ፈለቀ ጋራዥ ወሰዳት።

ፈለቀ ብዙ የማይናገር መካኒክ ነው። ኮፈኑን ከፈተና እንድሪስ ነዳጅ እንዲሰጥ አዘዘው፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ አዳመጠ። መጀመሪያ የአየር ቱቦው ተሰንጥቆ ይሆናል ብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰው፤ ደህና ነው። ማሰሪያዎቹን አጠበቀ፤ ድምፁ አልጠፋም። ቀጥሎ ቱርቦውን ጠረጠረ። ቱርቦ ማለት ለሞተሩ አየር በኃይል የሚነፋለት ነው፤ አቀበት ላይ ሳንባዋ በለው አለው። ቱቦውን ፈትቶ ጣቱን ሰደደና ክንፉን አሽከረከረው፤ ያለ ችግር ዞረ። ያን ጊዜ ፈለቀ ራሱን ጠየቀ፤ ሳንባው ደህና ከሆነ ትንፋሹ የት ይሄዳል? መኪናዋ ሥር ገባ፤ ከቱርቦው ጎን የተጣበቀችውን ትንሽ ቫልቭ ፈታት። እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ተከፍታ የተረፈውን አየር የምትመልስ፣ ስትረግጥ ግን ጥርቅም ብላ መዘጋት ያለባት እቺ ናት አለ። ጠራርጎ ወደ አፉ አስጠጋና ሳባት፤ አየሩ ሾልኮ መጣ። ወደ ብርሃን ሲያዞራት፣ በውስጧ ያለው ስስ ጎማ በምላጭ እንደተነካ ተቀዷል።

አባት ቤቴን ልይ አሉ፤ መኪና አልወጣ አለች፤ ቱርቦ አልገፋ አለ፤ ቫልቭ አልዘጋ አለ።

እንድሪስ ለአንድ ቀን ብቻ፣ ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚሆን ማስቲሽ ቀባ አድርግበት ብሎ ለመነው። ፈለቀ ራሱን ነቀነቀ። ሙቀቱ ይልጠዋል፤ አቀበቱ መሃል ይጥልሃል፤ የተላጠው ቱርቦው ውስጥ ከገባ ደግሞ ያለውንም ያሳጣሃል፤ አባትህን ይዘህ ከምትቀር አሁን ብትቀየመኝ ይሻላል አለው።

አባት ቤቴን ልይ አሉ፤ መኪና አልወጣ አለች፤ ቱርቦ አልገፋ አለ፤ ቫልቭ አልዘጋ አለ፤ መካኒክ አልጠግን አለ።

እንድሪስ የተቀደደችውን ቫልቭ በኪሱ ይዞ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄደ። ባለሱቁ ሰዒድ እያገላበጠ አያት። የዚህ ዓይነት መኪና በከተማው ብዙ ስለሌለ ዕቃዋንም ማንም አያመጣትም፤ አዲስ አበባ ተፈልጋ፣ ከተገኘች፣ ከሰነበተች በኋላ ትደርስ ይሆናል አለ። «ከሰነበተች በኋላ» የሚለውን ሲሰማ እንድሪስ የአባቱ ዓይን ነጭ እንዴት ቢጫ እንደሆነ ታየው።

አባት ቤቴን ልይ አሉ፤ መኪና አልወጣ አለች፤ ቱርቦ አልገፋ አለ፤ ቫልቭ አልዘጋ አለ፤ መካኒክ አልጠግን አለ፤ ሱቅ የለኝም አለ።

ሊወጣ ሲል ሰዒድ ጠራው። ለመናገር የከበደው ይመስላል። እንደ አንተዋ ያለች መኪና እማማ ጥሩወርቅ ግቢ ቆማለች አለው። እንድሪስ ነገሩን ያውቀዋል፤ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። የእማማ ጥሩወርቅ ልጅ ልዑልሰገድ በዚያች መኪና ሆኖ ነው አቀበቱ ላይ፣ ታችኛው ኩርባ ገደል የገባው። ሬሳው ተቀበረ፤ የተጨማደደችው መኪና ተጎትታ እናትየው ግቢ በሸራ ተሸፈነች። ዘመዶች ትሸጥ ቢሉ እሳቸው እሺ አላሉም።

ወደዚያ ከመሄዱ በፊት በሀዋ ቤት በኩል አለፈ። አባቱ ነቅተው ነበር፤ መኪናዋ ዳነች ወይ ብለው ጠየቁት። እየዳነች ነው አላቸው። እሳቸውም ሌላ ሳይጠይቁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እማማ ጥሩወርቅ ሸራው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። የመጣበትን ሲነግራቸው አልተቆጡም፤ እንዲቀመጥ በርጩማ አስጠጉለት። ሰው ሁሉ የሚመጣው ለበሩ፣ ለጎማው፣ ለሞተሩ ነው፤ ለልጄ ብሎ የመጣ አላየሁም አሉት። ከዚያ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «አላስነካም፣ ልጄ» አሉ። እንድሪስ ተነስቶ ወጣ።

አባት ቤቴን ልይ አሉ፤ መኪና አልወጣ አለች፤ ቱርቦ አልገፋ አለ፤ ቫልቭ አልዘጋ አለ፤ መካኒክ አልጠግን አለ፤ ሱቅ የለኝም አለ፤ እናት አላስነካም አሉ።

በማግስቱ ጠዋት አባቱ ውኃም አልወርድ አላቸው። እንድሪስ በማንኪያ ሲያቀምሳቸው በአፋቸው ጥግ ተመልሶ ፈሰሰ። ከቤት ወጣ፤ የት እንደሚሄድ አላሰበም፤ እግሩ እማማ ጥሩወርቅ ግቢ አደረሰው። የትናንቱ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሊለምን አልመጣም፤ የሚለምንበት ቃልም አልቆበታል። እሳቸው ምን ሆንክ ብለው ጠየቁት፤ ያን ጊዜ ስለ አባቱ ነገራቸው።

እማማ ጥሩወርቅ ወደ ሸራው ዞሩ።

«አባትህ ቤቴን ልይ አሉ፤» አሉት። «እኔ ደግሞ ልጄ የቀረበትን ኩርባ ልይ አልኩ። የሳቸውን እሺ ይሏቸዋል፤ እኔን ግን ዘመዶቼ ልቧ ይቆማል ብለው ይከለክሉኛል፤ ሹፌሩንም ሁሉ አትውሰዷት ብለውታል። ጉልበቴ ቢፈቅድ በእግሬ በሄድኩ። ኩርባውን ያሳየኝ ሰው የፈለገውን ይውሰድ።»

እንድሪስ ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣበት።

አባት ቤቴን ልይ አሉ፤ መኪና አልወጣ አለች፤ ቱርቦ አልገፋ አለ፤ ቫልቭ አልዘጋ አለ፤ መካኒክ አልጠግን አለ፤ ሱቅ የለኝም አለ፤ እናት አላስነካም አሉ፤ ኩርባው በእግር አልደረስ አለ፤ በመኪና እንዳይባል፣ መኪና አልወጣ አለች። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከተነሳበት ገጠመ። የሚገባበት ቀዳዳ የለውም።

ፈለቀ ጋር ሄዶ ይህንኑ ነገረው፤ መፍትሔ ፈልጎ ሳይሆን ለአንድ ሰው መናገር ስለነበረበት ነው። ፈለቀ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማው። ከዚያ የተቀደደችውን ቫልቭ ተቀበለውና መልሶ ሊገጥማት መኪናዋ ሥር ገባ። ቀጥ ያለው አቀበት ከኩርባው በላይ ነው፤ እስከ ኩርባው ቀለል ይላል አለ ከሥር ሆኖ። ሁለት ሰው ብቻ ሁኑ፤ ከአንደኛ ማርሽ አትውጣ፤ አትቸኩል። ትጎተታለች እንጂ ትደርሳለች።

ተጎተተች። እስስስ እያለች፣ ቢጫ መብራቷን አብርታ፣ በእግረኛ ፍጥነት። እማማ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን በአፋቸው ይዘው መንገዱን ብቻ ያዩ ነበር። የጭነት መኪኖች ጡሩምባ እየነፉ አለፏቸው። ኩርባው ላይ ሲደርሱ እንድሪስ ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገባና ክንዱን ሰጣቸው። ጠርዙ ላይ ጠጠሩ ውስጥ የመስተዋት ስብርባሪ አሁንም አለ። ከታች ሣርና ቁጥቋጦ፣ ከዚያ በታች ደረቅ ወንዝ።

«ከዚህ ወደ ታች ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

እማማ ጥሩወርቅ ወደ ታች አዩ። «በሕልሜ ይኼ ገደል መጨረሻ የለውም፤» አሉ። «ሁልጊዜ ሲወርድ ነው የማየው፣ አያርፍም። ለካ መጨረሻ አለው።»

መሬት ላይ ተቀመጡ። ልባቸው አልቆመም፤ አልጮኹምም። ነፋሱ ነጠላቸውን ሲያነሳው እንድሪስ ያዘላቸው። ብዙ ከቆዩ በኋላ፣ «ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም» አሉ። «ግን አየሁት። በል አንሳኝ፤ ሄደህ ያንተን ውሰድ።»

እናት ይወሰድ አሉ፤ ሸራው ተገለጠ። ፈለቀ በተጨማደደው ብረት መሃል እጁን ሰዶ ቫልቩን ሲፈታ፣ እማማ ጥሩወርቅ አጠገቡ ቆመው በመዳፋቸው የመኪናዋን ጣራ ይነካሉ። ቫልቩን ጠርጎ ሳበው፤ አየር አላሳለፈም፤ ከንፈሩ ላይ ተጣብቆ ቀረ። መካኒክ ገጠመ፤ ቫልቭ ዘጋ፤ ቱርቦ ገፋ፤ መኪና ወጣች። አባት ተጋድመው፣ ሀዋ ጭንቅላታቸውን ደግፋ፣ ኩርባውን አለፉ፤ ቀጥ ያለውን አለፉ፤ እንድሪስ በረገጠ ቁጥር መኪናዋ ወደ ፊት ትስበዋለች፤ እሱ ግን ደስታ አልተሰማውም፤ ቶሎ የሚያደርሳቸው ወደምን እንደሆነ ያውቃል። አባት ቤታቸውን አዩ።

ጎረቤቶች በቃሬዛ አወረዷቸውና ደጅ ፀሐይ ላይ አነጠፉላቸው። ቤታቸውን፣ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ባሕር ዛፍ፣ ወደ ታች ደግሞ ኮምቦልቻን አዩ። ከዚያ እንድሪስን በዓይናቸው ጠሩት። ያን ቀን አልወጣ ያለችው መኪና ዛሬ ምን አግኝታ ወጣች አሉት። ሊዋሻቸው አልፈለገም። ከሞተ ልጅ መኪና ላይ ዕቃ ተወስዶ እንደሆነ፣ እናቱ ፈቅደው እንደሰጡ ነገራቸው።

አባትየው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ልጁ ማን ይባል ነበር?»

«ልዑልሰገድ።»

ስሙን በሹክሹክታ ሞከሩት፤ መጀመሪያ ተሳሳቱ፤ እንድሪስ ቀስ ብሎ ደገመላቸው። ለዱዓ መዳፋቸውን ሊያነሱ ሲሉ ክንዳቸው አልታዘዝ አላቸው። እንድሪስ አጠገባቸው ተንበርክኮ ሁለቱንም ክርናቸውን ከሥር ደገፈ። ሀዋና ጎረቤቶቹ አሚን ይላሉ፤ አባትየው የማያውቁትን ልጅ በስሙ እየጠሩ ይለምኑለታል። ዱዓው እስኪያልቅ እንድሪስ ክርናቸውን አልለቀቀም።