የደረቀው ጋጣ

በሬ የሚያደልብ አንድ ሰው ነበረ። ይህን የምነግርህ፣ «ሚስቴ መነታረኩን ትታ ዝም ብላለች፤ ቤቴ ሰላም ሆነ ማለት ነው ወይ?» ብለህ ስለጠየቅኸኝ ነው።

ሰውየው ያለው አንድ ሰንጋ ብቻ ነበር፤ የዓመት ኑሮው የተንጠለጠለው በፋሲካ ገበያ በሚሸጠው በዚህ በሬ ላይ ነው። ፉርሽካውን ሳይሰስት ያበላዋል፤ ውሃ መቅዳት ግን ስለሚሰለቸው የሚያጠጣው በጥቂቱ ነበር። ከሁሉ የሚያማርረው ደግሞ በየማለዳው ሽንት የራሰ ጋጣ መጥረግ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ጋጣውን ሲከፍት ወለሉ ደረቅ ሆኖ አገኘው። ደስታውን አልቻለውም፤ ጎረቤቱን ጠርቶ አሳየው።

«እንዲህ ያለ ጨዋ በሬ አይተህ ታውቃለህ?»

«ከአንተስ ይሻላል፤» አለ ጎረቤቱ፤ «አንተ እንኳ አጥሬ ሥር ነው የምትሸናው።»

ቀኑ ሲጋመስ በሬው ጭራውን ሰቅሎ ያምጥ፣ ሆዱን በኋላ እግሩ ይመታ ጀመር። ባለቤቱ ሆድ ድርቀት ነው ብሎ የኑግ ዘይት ሊግተው ሲታገል፣ ጎረቤቱ የከብት ሐኪም ይዞ እየሮጠ መጣ።

ሐኪሙ ጓንቱን አጥልቆ እጁን በበሬው ፊንጢጣ አስገባና ዳሰሰ።

«ዘይቱን ለወጥህ አስቀምጠው። የሽንት ፊኛው እንደ ኳስ ተነፍቷል። ፉርሽካ በዝቶ ውሃ ሲያንስ ሽንቱ ውስጥ ጠጠር ይሠራል። የላም የሽንት ቧንቧ አጭርና ሰፊ ነው፤ ጠጠር ቢገባበትም ይወጣል። የበሬ ግን ረጅም ነው፤ ሁለት ጊዜ ይታጠፋል፤ በልጅነቱ ለተኮላሸማ ይባሱን ይጠብበታል። ጠጠሩ እዚያ እጥፋቱ ላይ ተቀርቅሯል።»

«ነገ ብናየውስ?»

«ፊኛው ይፈነዳል። ያን ጊዜ ማማጡን ይተዋል፤ ጸጥ ይላል። አንተም ዳነልኝ ብለህ ተመስገን ትላለህ። የሚሞተው ከዚያ በኋላ ነው።»

ሰውየው ዘይቱን ጥሎ ቀንዱን ያዘ። ሐኪሙ አደንዝዞ ከጭራው ዝቅ ብሎ የሽንት ቧንቧውን ቀደደ፤ ጠጠሩንም በመቆንጠጫ አወጣው። ከማሽላ ፍሬ አይበልጥም። ሽንቱ እንደ ተሰበረ ቧንቧ ገንፍሎ የሐኪሙን ቦት ጫማ፣ የጎረቤቱን ጋቢ፣ ወለሉን ሁሉ አራሰ።

«ሸና! ሸናልኝ!» ሰውየው ዘለለ፤ ጎረቤቱን አቅፎ ሳመው። ሐኪሙንም ሊያቅፍ ሲል፣ «ቀንዱን! ሰውዬ፣ ቀንዱን አትልቀቅ!» ተባለ።

አየህ ልጄ፣ ጤነኛ ፊኛም ሽንት ይይዛል፤ ጊዜው ሲደርስ ግን በሩ ይከፈትለታል። ትዕግሥት ማለት ይህ ነው። የተደፈነውም ይይዛል። ከውጭ ለሚያያቸው ሁለቱም አንድ ናቸው። ሚስትህ የትኛው ዝምታ እንደያዛት እኔ አላውቅም፤ ዝም ያለችው ከየትኛው ቃልህ በኋላ እንደሆነ ግን አንተ ታውቃለህ። ጠጠሩ እሱ ነው። ዛሬውኑ ሂድና አውጣው። መጀመሪያ የሚገነፍለው አንተው ላይ ነው፤ ሽታም አለው። አትሽሽ።