የእድሩ ድንኳን የት ይቀመጥ?

በአንድ ወቅት ከወንዝ ዳር፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፎ የሚኖር ሰፈር ነበር። ቦታው ለልማት ይፈለጋል ተባለና ሰዉ ተበተነ። ገሚሱ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰው፣ ገሚሱ ኪራይ ፍለጋ ወጣ። የጋራ ሆኖ የቀረላቸው እድራቸውና አንድ ድንኳኑ ብቻ ነው።

እሱም ለጥቂት ተረፈ። ሰፈሩ የፈረሰ ለት ሰዉ «ዳኛው አውጥተውታል» ይላል፣ የእድሩ ዳኛ ደግሞ «ጎረምሶቹ አውጥተውታል» ይላሉ። ልጅ ያዘለች ሽታዬ የምትባል ሴት የእድሩን ዕቃ ቤት ብታይ ድንኳኑ እዚያው አለ። አልጋዋን ትታ እሱን ጎትታ አወጣች። አልጋዋ ላይ ዶዘሩ ሄደበት።

«አንቺ ሞኝ፣ ድንኳን ላይ ልትተኚ ነው?» አሏት።

«ሰው ይሞታል እኮ» አለች።

አከራይዋ አላስገባም ስላላት ድንኳኑ አጥር ስር ዝናብ ሲመታው ከረመና በሰበሰ። ያን ጊዜ ጋሽ ደምሰው፣ ልጅም ዘመድም የሌላቸው ልብስ ሰፊ፣ መንገድ ዳር የሚጠለሉበትን ሸራ ቀደው ጣፉት። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነው የሚሰፉት።

ቀጥሎ ሰው ሞተ። ድንኳን ተተከለ፣ ለቀስተኛ ግን የለም፤ ማን ይንገር? እትዬ ጥሩአየር ጉሊቷን ጥላ፣ ካውቶቡስ አውቶቡስ እየወረደች ሁሉንም ጠራች። ስትመለስ መደቧን ሌላ ሴት ይዛዋለች።

ግን ቦታው ተራራቀ። ባለፈው ድንኳኑ የደረሰው ከቀብር በኋላ ነው። እንግዲህ አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ ሩቅ ያለውም ይቅርበት ተባለ።

«እናቴ ታማ ተኝታለች፣ ተስፋም የላት» አለች ሽታዬ። «አከራዬ ግቢዬ ለቅሶ አይገባም ብላኛለች። የት ላስቀምጥ ሰዉን?»

«እኔ አልቃሽ የለኝም» አሉ ጋሽ ደምሰው። «ድንኳን ካለ አላፊ አግዳሚውም ይገባል።»

«ብዙው ሰው ኮንዶሚኒየም እኛ ጋ ነው» አለች እትዬ ጥሩአየር። «ሞቱም እኛው ጋ ይበዛል።»

«በሉ ሦስት ቦታ ቀደን እንካፈለው!» አለ አንዱ። ማንም አልሳቀም።

አልተጣሉም። ጠብም አቅም ይፈልጋል። ድንኳኑ ተጠቅልሎ አንድ የጭነት መኪና ላይ ተጫነ፣ ሹፌሩ ክላክሱን ያስጮኻል።

«ወዴት ልንዳው?» ይላል።

እናንተዬ፣ ወዴት ይንዳው? ለማንኛቸው ይገባል?