የግንበኛው ዓይንና የዩኩሌሌዋ አንገት

አንድ ግንበኛ ነበሩ፤ ጋሽ ዘውገ የሚባሉ። በዕድሜያቸው አንድም ጠማማ ግድግዳ አላቆሙም። ይህስ ደግ ነው፤ ችግሩ ቱምቢና ውሃ ልካቸውን ሥራ ቦታ ትተው አለመግባታቸው ነበር። ለቅሶ ቤት ሄደው እንኳ የድንኳኑን ምሰሶ ሲያቃኑ ነው የሚውሉት። ልጃቸው ትርንጎማ አረማመዷም ሳቋም ሲለካ ነው ያደገችው።

ታዲያ አንድ እሁድ ለትርንጎ ሽማግሌዎች መጡ። የላካቸው አምሳሉ ሕፃናትን ሙዚቃ ያስተምራል፤ የትርንጎም ልብ ከእሱ ጋር ነው። ጋሽ ዘውገ ስለ ዘሩ ይጠይቃሉ ሲባል፣ ልጁን ከነሙዚቃ መሣሪያው አምጡልኝ አሉ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም። ግን ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው እሺ ከማለት ሌላ ምን አለው?

በሳምንቱ አምሳሉ አዲስ የገዛትን ዩኩሌሌ ታቅፎ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጣ። ዩኩሌሌ ማለት ባለ አራት ክር፣ የጊታር የልጅ ልጅ የምትመስል ትንሽ መሣሪያ ናት። ጋሽ ዘውገ ተቀበሉና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በአንገቷ ላይ አነጣጠሩ፤ ጠመንጃ የሚገዙ ነው የሚመስሉት። አንገቷ መሐል ላይ የፀጉር ያህል ጎድጎድ ብሏል።

«ጎባጣ ነው የሸጡልህ» አሉት።

አምሳሉ፣ ጉብጠቱ ክሩ ሲመታ የሚርገበገብበት ቦታ እንዲያገኝ ሆን ተብሎ የተተወ መሆኑን በትሕትና አስረዳ። ማን ሰምቶት። ዕቃ ሲገዛ ዓይኑን ያልገለጠ ሰው ትዳርማ እንዴት ይመራል ብለው መሣሪያዋን አስቀሩ። አቃንቼ ስመልስላችሁ መልሱንም ያኔ ትሰማላችሁ አሏቸው። ትርንጎ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ሰውዬው ዩኩሌሌዋን ከወፍራም ጣውላ ጋር ጠፍረው፣ አንገቷን በእንፋሎት ሲያሞቁ፣ ድንጋይ ሲጭኑባት ሰነበቱ። በመጨረሻ ቀጥ አለች።

ሽማግሌዎቹ ከአምሳሉ ጋር ሲመለሱ በኩራት አስረከቡ። አምሳሉ ቃኘና መታት። ዝዝዝዝ አለች። ክሮቹ በአንገቷ ላይ ከተደረደሩት ብረቶች ጋር እየተጋጩ፣ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ አስመሰሏት። አንደኛው ሽማግሌ ሳቃቸውን ወደ ሳል ለወጡት። ጋሽ ዘውገ ልጁ ሊያዋርዳቸው ያበላሸ መሰላቸውና መሣሪያዋን ነጥቀው ራሳቸው መቷት። ለእሳቸውማ ጭራሽ ባሰባት።

ይኼኔ ትርንጎ የጠላውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ቆም አለች።

«አባዬ፣ መንቀሳቀሻ ስለነሳሃት እኮ ነው። እኔም በዚህ ቤት እንደ እሷ ነኝ።»

ጋሽ ዘውገ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩዋት። አፈሩም፣ አዘኑም፤ ይህን ያህል ዓመት አንድም ቀን እንዲህ ብላ ተናግራቸው አታውቅም። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው ልጄን ሰጥቻለሁ አሉ። ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ከመቀመጫቸው ሲነሡ፣ እሳቸው ወደ አምሳሉ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ማጉበጥ የሚባል ሥራ አልተማርኩም። እንዴት ነው የሚደረገው? እስቲ አሳየኝ።»

ወዳጆቼ፣ ቀጥ ማለት ደግ ነው፤ ያለ እሱ ግድግዳ አይቆምም። ሰውን ግን እንደ ግድግዳ ካቃኑት ድምፁ ይጠፋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ አብዝተን የምናቃናው አብዝተን የምንወደውን ነው። እርስዎ ቤት ዝም ያለ ሰው አለ? ለምን ዝም እንዳለስ ጠይቀውት ያውቃሉ?