የሽበት አምባ ድንጋዮች

ከወርከማ ገበያ በስተምሥራቅ የሚታየው ጠፍጣፋ ኮረብታ ሽበት አምባ ይባላል። አናቱ ላይ አምስት ድንጋዮች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ፣ ሁለቱ ጥቁር፣ አንዱ ደግሞ ውኃ ያለሰለሰው የወንዝ ድንጋይ ነው። ከክቡ ውጭ አራት ጥርብ ድንጋዮች አሉ። አራቱም አንድ መልክ፣ አንድ ቁመት ናቸው። ሰው አይቀመጥባቸውም።

እኔ ተቀምጬባቸዋለሁ። ሃያ ዓመቴ ነበር። አባቴ ሞቶ፣ አጎቶቼ ከቤት አስወጥተውኝ፣ እዚያ ለሚቀመጠው ሸንጎ አቤት ልል ወጥቼ ተራዬን ሦስት ቀን ጠበቅሁ። በነዚያ ቀናት ያናገረኝ ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ መጡና «ተነሥ ከዚያ» አሉኝ። ቀጥሎ ያለውን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። የእኔ ጉዳይ እንዴት እንዳለቀ የምናገርበት ቦታ ይህ አይደለም።

እንደሚነገረው፣ ወርከማ በራሷ ገዢ በምትተዳደርበት ዘመን ክርክር ሁሉ የሚያበቃው በዚህ ኮረብታ ላይ ነበር፤ ከዚህ በላይ ይግባኝ የሚባል አልነበረም። ዳኞቹ አምስት ሲሆኑ፣ አምስቱ መንደሮች እያንዳንዳቸው አንድ ሰው መርጠው፣ መቀመጫውንም ከገዛ መሬታቸው ፈንቅለው ተሸክመው ያመጡለት ነበር። የዳኞቹ ታላቅ አያ ፈንቴ የሚባሉ፣ ሚስትና ልጅ የቀበሩ፣ ከሸንጎው በቀር ቤተሰብ ያልነበራቸው ሰው ነበሩ ይባላል። ጉዳይ በዝቶ ባለጉዳይ ከዓመት እስከ ዓመት ሲንገላታ እያዩ፣ «አምስት አንበቃም፣ ሰው ይጨመርልን» ብለው ገዢውን ፊታውራሪ አየልኝን ሁለት ጊዜ ለመኑ። ፊታውራሪው ሁለቱንም ጊዜ ሰምተው አሰናበቷቸው።

ኋላ ፊታውራሪው እናንየ ከምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ጋር በአንድ ምንጭ ተከራከሩ። በበጋ የማይደርቅ ምንጭ ነበር፤ እሷ ከእርሱና ከዳሩ ካለችው ማሳ ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም። ሲፈረድ ሁለቱ ዳኞች ለፊታውራሪው፣ አያ ፈንቴን ጨምሮ ሦስቱ ለእናንየ ሆኑ።

በሳምንቱ አራት ድንጋዮች ከፊታውራሪው የድንጋይ ካባ ተጠርበው፣ በበሬ እየተጎተቱ ኮረብታውን ወጡ።

«አያ ፈንቴ፣ ሰው ይጨመርልን ብለውኝ አልነበረም? ይኸው አራት ጨመርኩልዎ» አሉ ፊታውራሪው። «ማንንም መንደር ሳላስቸግር፣ ከራሴው ካባ!»

«ብያለሁ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን ያስተክዝዎታል?»

አያ ፈንቴ ድንጋዮቹን ዞረው ዳሰሷቸው። ገና ከመዶሻ የወጡ፣ ዱቄታቸው እጅ ላይ የሚቀር ነበሩ። «ይቀመጡ» አሉ። «ግን ሽበት ሳያወጡ ሰው አይቀመጥባቸው።» ሽበት ያሉት በቆየ ድንጋይ ላይ የሚወጣውን ግራጫ ሽፋን ነው።

«ያን ጊዜ እኔ የት እገኛለሁ?»

«እኔም አልገኝም።»

«ሽማግሌው ድንጋይ ሊያስረጁ ነው!» አለ ከአጃቢዎቹ አንዱ፤ ሁሉም ሳቁ።

ፊታውራሪው የመረጧቸው አራት አዳዲስ ዳኞች በዚያው ቀን ተቀመጡ። የምንጩ ነገር እንደገና ተፈረደ፤ ስድስት ለሦስት። እናንየ አልጮኸችም ይባላል። ልትሄድ ስትል አያ ፈንቴ ፊት ቆመችና «አባቴ፣ ሦስታችሁ በቅታችሁኝ ነበር» አለቻቸው። ሰው ይጨመር ያሉት ራሳቸው ነበሩ። እሷ ወደ ቆላ ወረደች፤ ከዚያ ወዲህ ያያት የለም።

ሰው ክርክሩን ወደ ኮረብታው ማምጣት ተወ። ባለጉዳይ ሲጠፋ አዲሶቹ ዳኞች ወደ እርሻቸው ተመለሱ፤ አሮጌዎቹም አንድ በአንድ ቤታቸው ገቡ። አያ ፈንቴ ብቻ በችሎት ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ፣ እየወጡ መንደራቸው ባመጣላቸው ቀይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ይጠብቁ ነበር። ስንት ዓመት እንደሆነ ሽማግሌዎች አይስማሙም፤ ሰባት የሚሉ አሉ፣ አሥራ አንድ የሚሉም አሉ። አንድ ዓርብ ሳይወርዱ ቀሩ። ሰዎች ወጥተው ሲያዩ በቀዩ ድንጋይ ላይ አልነበሩም፤ ከአራቱ በአንዱ ሥር ተደግፈው፣ መዳፋቸውን በላዩ እንዳደረጉ ሞተው ተገኙ። እጃቸውን ሲያነሡት ከሥሩ ጥፍር የምታህል ሽበት ነበረች ይባላል።

ፊታውራሪው ካለፉ በኋላ ሸንጎው ተመልሶ ቆመ፣ አራቱም ድንጋዮች ከክቡ ወጡ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በወርከማ ዳኛ ሲጨመር ድንጋዩ ይመጣል እንጂ ሽበት ሳያወጣ አይቀመጡበትም፤ በመጨመሩ የተከራከሩት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እስከዚያ በሕይወት አይቆዩም። አሁንም አንድ አዲስ መንደር ካቻምና ያመጣው ድንጋይ ከክቡ ዳር አለ። ገና መላጣ ነው።

ባለፈው ዓመት ወጥቼ ነበር። አራቱ ድንጋዮች ከላይ እስከ ታች ሸብተዋል፤ በአያ ፈንቴ ቃል ከሆነ አሁን ሰው ሊቀመጥባቸው ይችላል። ዳገቱ አድክሞኝ ነበር። አጠገባቸው ቆሜ አረፍኩና ወረድኩ።