አያ ጅቦ በጉም ቀን የተዋሰው ጆሮ

አንድ ጊዜ ጉም ወረደ። ስስ ጉም እንዳይመስላችሁ። ወንዙን ዋጠ፣ ገደሉን ሞላ፣ ዛፎቹን ከእግራቸው እስከ አናታቸው አለበሳቸው። ጠዋት ይሁን ከሰዓት በኋላ የሚያውቅ ጠፋ። ድምፅ ሁሉ ከጥጥ ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። እንዲህ ባለ ቀን የነቃውም ያንቀላፋ ይመስለዋል፣ ያንቀላፋውም የነቃ።

የዚያ አገር እንስሳት ታዲያ አንድ ልማድ ነበራቸው። እኛ ከጎረቤት ወንፊት ወይ መጥረቢያ እንደምንዋሰው፣ እነሱም በጉም ቀን ጆሮና ጢም ይዋዋሱ ነበር። ዓይን ሥራ ሲፈታ ምን ይደረግ? እንደ ነጠላ ጫማ አውልቆ መስጠት ነው። ደንቡም ቀላል ነው። የሚዋሰው ከራሱ አንድ ነገር መያዣ ያስቀምጣል፤ ባለቤቱ አጠቃቀሙን ነግሮት እስኪጨርስ ደግሞ ቁጭ ብሎ ይሰማል።

ያን ቀን አህያ ልጇ ጠፋባት። አብረው ሳር ሲግጡ ጉሙ መሃላቸው ገባ፣ በቃ።

«አሁን አጠገቤ ነበር እኮ» እያለች ትዞራለች፣ በሹክሹክታ። ጮኻ እንዳትጠራው ጅብ ይሰማል። ልጁም ዝም ብሏል፤ ራሷ ናት ያስተማረችው። «ጉም ከወረደ ካለህበት ንቅንቅ እንዳትል። ሳልጠራህም ድምፅህን እንዳታሰማ» ብላው ነበር። ግን የት ቆሞ ይሆን? ገደሉ ቅርብ ነው።

ሹክሹክታዋን ቀበሮ ቁጥቋጦ ሥር ሆና ሰማች። ሰምታም ቀጥ ብላ ጅብ ጉድጓድ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ የአህያ ልጅ ጠፍቷል አሉ።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። «የት?»

«የት እንዳለ ከታወቀማ መች ጠፋ ይባላል?»

«ግድ የለም፣ አሸትተዋለሁ» አለና አፍንጫውን ቀና አደረገ።

ቀበሮ ግን የመጣችው ለሌላ ነገር ነው። ጅብ ድንጋይ ሥር የደበቀው ሥጋ እንዳለ ሰምታለች፤ ቦታውን የሚያውቀው የሱ አፍንጫ ብቻ ነው።

«ኧረ በአንድ አፍንጫ!» ብላ ሳቀችበት። «በዚህ ጉም? ሰው ምን ይልሃል? የሌሊት ወፍ ጆሮ፣ የዘንዶ ከንፈር፣ የአምባዛ ጢም፣ ሁሉንም ደርበህ ብትሄድ ማን ያመልጥሃል? መያዣውን አታስብ፣ አፍንጫህን እኔ ጋ አስቀምጥ።»

«ሁሉንም ይሰጡኛል?»

«አያ ጅቦን ማን እምቢ ይላል?»

ጅብ ደስ አለው። አፍንጫውን ነቅሎ ሰጣት። «እንዳታስነጥሺበት ብቻ» አላት።

መጀመሪያ ዋሻ ሄዶ የሌሊት ወፍን ቀሰቀሳት።

«መያዣው ቀበሮ ጋ ነው፣ ጆሮሽን!»

«ውሰድ» አለች እያዛጋች። «ግን ተቀመጥ። ብቻውን አይሠራም። እኔ መጀመሪያ ቀጭን ጩኸት እጮሃለሁ። ጩኸቱ ሄዶ ዛፉን ነክቶ ይመለሳል፤ የተመለሰውን ስሰማ ዛፉ የት እንዳለ አውቃለሁ። ከፀጉር የቀጠነ ድምፅ ስለሚሰማ ታዲያ፣ ትልቅ ድምፅ ካለበት ቦታ…»

ቀና ስትል ጅብ የለም።

ዘንዶ ድንጋይ ላይ ተጠቅልሎ ነበር። ሲናገር ቃሉን አንድ በአንድ ይጎትተዋል። «ከንፈሬ ላይ… ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ። ሙቀት ነው የሚያዩት። አይጥ በጨለማ ብታልፍ… እንደ ፍም ትታየኛለች። እኔ ግን ገላዬ ቀዝቃዛ ነው። አንተ ደግሞ ትኩስ ነህ፣ ስለዚህ…»

«ገባኝ፣ ገባኝ!» አለ ጅብ። ከንፈሩን ይዞ ሮጠ።

ዓሣው አምባዛ ከወንዙ ዳር ጭቃ ውስጥ ብቅ አለ። «ውሃው ሲደፈርስ ምግቤን በዓይኔ አልፈልግም» አለው። «ጢሜ ራሱ እንደ ምላስ ይቀምሳል፣ የት እንዳለ ይነግረኛል። ከውሃ ከወጣ ግን…»

ጅብ ጢሙን ይዞ ሄዷል። አምባዛ አረፋ ለቀቀና ተመልሶ ሰመጠ።

አሁን አያ ጅቦን ብታዩት! በዚያ ትልቅ ጭንቅላት ላይ ሁለት ስስ ጆሮ፣ በአፉ ዙሪያ የዘንዶ ከንፈር፣ ከአገጩ እርጥብ ጢም ተንጠልጥሎ። ጉሙ ውስጥ ገባ። ነጭ፣ ዙሪያው ሁሉ ነጭ። በእንቅልፍ ልቡ የሚሄድ ይመስል ነበር።

«ጩኸት ነው ያለችኝ» አለና በወፍራም ድምፁ ጮኸ። ጩኸቱ ገደሉን መትቶ ተመለሰለት።

«ሌላ ጅብ አለ! ሊሻማኝ ነው!» ብሎ ደነገጠ፤ ራሱን ለመቅደም ሮጠ።

ወዲያው እንደ ፍም የጋለ ነገር አፉ ሥር ታየው። «አገኘሁት!» ብሎ ነከሰ። ለካ የራሱ የፊት እግር ነው! እያነከሰ ትንሽ ሄደ፣ እንደገና ጋለ። እንደገና ነከሰ። የራሱ ትኩስ ትንፋሽ ሁሉንም ነገር ፍም አድርጎበት፣ ከሱ ሌላ የሚሞቅ መኖሩን ማወቅ አቃተው። ጢሙም ደርቆ እንደ ጭድ ተንጠልጥሏል፣ የሚነግረው ነገር የለም።

አህያ ጩኸቱን ሰማች። ቅርብ ነው። ባለችበት ደርቃ ቆመች።

ከዚያ አንዲት ጠጠር ስትወድቅ ሰማች። ትንሽዬ ጠጠር ናት። ወደቀች፣ ወደቀች፣ ታች የደረሰችበት ግን አልተሰማም።

ልጇ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው ማለት ነው። የትኛው አፋፍ? ብትጠራው ጅብ ይሰማል። ባትጠራው፣ ልጅ ነው፣ ስንት ሰዓት ይቆማል? እግሩ ይዝላል፣ ዓይኑ ይከደናል፣ አንድ እርምጃ ይራመዳል።

አራት እግሯን ተከለች። ሳንባዋን ሞላች። አናፋች!

የአህያን ጩኸት መቼም ታውቁታላችሁ። በእኛ ጆሮ እንኳ ያስደነግጣል። ከፀጉር የቀጠነ በሚሰማ ጆሮ ላይ ግን ተራራ ነው የተናደው። ጅብ መሬት ላይ ተንከባለለ።

«ቀስ በይ! ኧረ በእናትሽ ቀስ በይ!»

እሷ ጭራሽ ደገመችለት።

ከዚያ የሚሳቅበትን ረጅም ጆሮዋን አንዱን ወደ ጅብ አዞረች፣ አንዱን ወደ ገደሉ። በዚያኛው አንዲት ቀጭን ድምፅ ገባች፣ ገና መጮህ ያልለመደች ድምፅ። አህያ ጆሮዋን ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ አደረገች፤ ድምፁ ጥርት ወዳለበት አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ እርምጃ ሄደች። አፍንጫዋ እርጥብ አንገት ነካ።

«ጠራሽኝ?» አለ ውርንጭላው።

«ጠራሁህ።»

«ጅቡስ?»

«ጆሮውን ይዞ ተኝቷል። በል ና፣ ከኔ ጎን እንዳትለይ።»

እንደተደገፉ ሄዱ። ልጁ ግማሹን መንገድ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሄደው፤ እሷም አልቀሰቀሰችውም።

ጉሙ ሲነሳ ባለቤቶቹ መጡ። ዘንዶ ከንፈሩን፣ አምባዛ ጢሙን ወሰዱ። የሌሊት ወፍ ጆሮዋን አጥልቃ ፊቷን ቋጠረች። «ይሄ ጆሮዬ ውስጥ ጭው የሚለው ምንድነው? ተቀመጥ ብዬህ ነበር!»

የጅብ አፍንጫ ጉድጓዱ በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። አደረገው። መጀመሪያ የሸተተው የገዛ ሥጋው ነው፣ ግን ከድንጋዩ ሥር አይደለም፤ በሩቁ ከምትሄደው ከቀበሮ አፍ ነው።

«አፍንጫህ ጎበዝ ነው፣ አያ ጅቦ!» አለችው ዞር ሳትል። «የደበቅከውን አንድም ሳይስት አሳየኝ።»

ቀጥሎ ሌላ ነገር ሸተተው፤ የውርንጭላ ኮቴ። ከጉድጓዱ በላይ፣ ከበሩ ጥቂት ከፍ ብሎ አፋፉ ላይ። ውርንጭላው ቀኑን ሙሉ እዚያ ቆሞ ነበር።

ከዚህ የምንማረው የተዋስነው ነገር የሚሠራልን ባለቤቱ ተናግሮ እስኪጨርስ ቁጭ ብለን ስንሰማ እንደሆነ፣ የለመድነውን የራሳችንን ግን ለማንም መያዣ መስጠት እንደሌለብን ነው።