የበረኛው ምስክር

አንድ ሰው ነበረ፤ በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ ጋዜጣ ላይ ስለ ኳስ የሚጽፍ። ቆይ ርብቃ፣ አታቋርጪኝ፤ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «ጋሼ ዘርጋው፣ ባለፈው ሳምንት በጋዜጣችን ያሞገስኩትን አሰልጣኝ ዛሬ ባብጠለጥለው ምን አለበት? ስፖርት ያለ ስሜት ምኑን ስፖርት ሆነ?» ብለሽኛል። መልሴ ይኸው፤ ቁጭ በይና ስሚ።

ሰውየው ብዕሩ ስል ነበር። ግን ክፉ ልማድ ነበረበት። ጨዋታውን በማየት ፋንታ ሲያልቅ የስታዲየሙ በር ላይ ይቆምና የሚወጣውን ሰው ያዳምጣል። ሰዉ እየጨፈረ ከወጣ ሙገሳ፣ እየተራገመ ከወጣ ስድብ ይጽፋል። የከተማዋ ቡድን አንድ በረኛ ነበረው፤ ዝምተኛ፣ ሁለት ልጆች የሚያሳድግ። ጸሐፊው በኅዳር «የከተማችን ግንብ» አለው። በታኅሣሥ «ወንፊት» አለው። በጥር «የወለደችህ እናት ትባረክ» ብሎ ጻፈ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ «ለዚህ ሰው ጓንት የሰጠው ማነው?» አለ። አንባቢው በዚህም በዚያም ይስቅ ነበር፤ ጸሐፊው ምን ቸገረው!

የዋንጫው ጨዋታ ቀን ዝናብ ጣለ። ጸሐፊው ለመጠለል ብሎ ገባና ከጎሉ ጀርባ ካለች ቆርቆሮ ሥር ቆመ። እንዲህ ሆኖ ጨዋታ አየ፣ በስንት ዓመቱ! የበረኛው ትከሻ ሲወልቅ አየ። የቡድኑ ወጌሻ እዚያው ጭቃው ላይ አስቀምጦ ሲያሸው አየ። በረኛው «አልችልም፣ ቀይሩኝ» ሲል፣ የቡድኑ መሪም «ወንድ አይደለህም እንዴ? ተነስና ግባ!» ሲለው በጆሮው ሰማ። በረኛውም ባንድ እጁ ጎሉን ሊጠብቅ ተመለሰ። ሊያልቅ ሲል አንዲት ቀላል ኳስ በዚያ በተጎዳው ትከሻ በኩል አልፋ ገባች። ዋንጫውም ሄደ።

በማግስቱ ከተማው «በረኛው ሆን ብሎ ለቀቀው» አለ። ወሬውን የጀመረው ያው የቡድኑ መሪ ነበር። በረኛው ከኳስ ዕድሜ ልኩን ይታገድ እንደሆነ የሚወስን ኮሚቴ ተቀመጠ። ወጌሻው እንጀራውን ፈርቶ «ምንም አላየሁም» አለ። ስለ ትከሻውም የመሪው ሰዎች «ኋላ ቤቱ ወድቆ ነው» አሉ። ሌላው ተመልካች በዝናቡ አላየ፣ ተጫዋቾቹም መሪውን ፈሩ፤ እንግዲህ እውነቱን የሚናገር የቀረው ጸሐፊው ብቻ ነበር።

ጻፈ፣ እግዜር ያሳይሽ! አላሞገሰም፣ አልተሳደበም፤ ያየውን ባየበት ቅደም ተከተል አስቀመጠ። እንደዚያ ያለ ጽሑፍ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። ሰዉ ግን አንብቦ «ዛሬ ደግሞ ማን አጉርሶት ነው?» ተባባለ። ለምስክርነት ሲቀርብም ሰብሳቢው የድሮ ጽሑፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው።

«ግንብ ያልከው አንተ፣ ወንፊት ያልከው አንተ። የትኛውን አንተን እንመን?»

ኮሚቴው ሳቀ። ጸሐፊው ማለ፣ ተገዘተ፣ አለቀሰም። «በሚቀጥለው ሳምንት ደግሜ እጽፋለሁ!» አለ። ይኼኔ ሲሰድቡት እንኳ መልስ ሰጥቶ የማያውቀው በረኛ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ወንድሜ፣ በልጆቼ ይዤሃለሁ፤ ሁለተኛ ስለ እኔ አትጻፍ። አንተ በተሟገትክልኝ ቁጥር ጥፋተኛ እየመሰልኩ ነው።»

ታገደ፤ ዕድሜ ልኩን።

እንግዲህ ርብቃ፣ ያን በረኛ የጎዳው ስድቡ እንዳይመስልሽ። ስድብማ ይረሳል። ጸሐፊው ቃሉን በየሳምንቱ ለጫጫታው ሲያከራይ ኖሮ፣ አንድ ንጹሕ ሰው ቃሉን በፈለገ ቀን የሚሰጠው ቃል አጣ። አንቺም ያንኑ መንገድ ጀምረሻል፤ ስሜት ትይዋለሽ እንጂ በር ላይ ቆሞ ማዳመጥ ነው። አሰልጣኙን መተቸት ማን ከለከለሽ? ተቺው! ግን ካመሰገንሽው ወዲህ ምኑ እንደተለወጠ አይተሽ ጻፊ። ካላየሽ አላየሁም በይ። ይህ ካልሆነልሽ ገጹ ባዶውን ይውጣ፤ ባዶ ገጽ ቢያንስ በሰው ላይ አያስፈርድም።